ካሸር ፊት ስንቆም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሱፐርማርኬት ካሸር ነኝ። በበዓል ዋዜማ ወረፋው እስከ በር ይደርሳል። ያኔ እንዳንቀያየም የሚረዳውን ልንገራችሁ።

ዋጋ ያልተለጠፈበት ዕቃ ካለ መደርደሪያው ጋ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ። እኔ ጋ ደርሶ "ስንት ነው? በቃ ተዪው" ማለት የኋላውን ሰው ያስቆማል። የተዋችሁትን ዕቃ ለእኔ ስጡኝ። እርጎን ሳሙና መሃል ወሽቆ መሄድ ነውር ነው፤ ይበላሻል።

የስልክ ወሬያችሁን ጨርሳችሁ ቅረቡ። "እንዴት ዋልሽ?" ያለኝ ሰው ድካሜን ያቀልልኛል። በቴሌብር ከሆነ የምትከፍሉት፣ አፑን ወረፋ ላይ እያላችሁ ክፈቱት። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ገንዘቡ መግባቱን እስካይ ታገሡኝ። ስክሪንሾት ብቻ አይቼ ማሳለፍ አልችልም፤ ካልገባ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ለ20 ብር ዕቃ 200 ብር ከመዘርጋታችሁ በፊት ዝርዝር ፈልጉ።

አሁን ወደ እኛ ወደ ካሸሮቹ። ቀና ብለን ደንበኛውን እንይ። መልሱን ጮክ ብለን ቆጥረን በእጁ እንስጠው። ጠረጴዛ ላይ መወርወር ከስድብ አይተናነስም። በመልስ ፈንታ ዝም ብለን ማስቲካ አንስጥ። ሳንቲም ከሌለን "ይቅርታ፣ ማስቲካ ይሁንልዎ?" እንበል፤ እምቢ ካለ መብቱ ነው። ደረሰኝም ሳይጠየቅ ይሰጥ።

ከገጠር የመጡ እናት ብራቸውን ከመቀነታቸው ሲፈቱ አናጣድፋቸው። "ቀስ ይበሉ፣ እማማ" እንበል። ከኋላ የቆማችሁም አታጉረምርሙ። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ያዘለች እናት ከመጣች ትለፍ፤ ግን ተራው የሰልፈኛው ነውና መጀመሪያ እሱን እናስፈቅድ።