ሲስተሙን እንደገና ሳይጭኑ የሬይድ 1 ሃርድ ዲስኮችን በትልልቅ መቀየር

ሁለት ባለ 1 ቴራ ዲስኮች በሬይድ 1 (አንድ ዓይነት ዳታ በሁለቱም ላይ በሚጽፍ አሠራር) ተጣምረው የሚሠሩበት የሊኑክስ ኮምፒውተር ሲሞላ፣ ዲስኮቹን አንድ በአንድ በባለ 4 ቴራ መተካት ይቻላል። ኡቡንቱን (ማሽኑ ላይ የተጫነውን ሊኑክስ) እንደገና መጫን አያስፈልግም። አዳማ ውስጥ የሒሳብ መዝገቡን በእንዲህ ዓይነት ማሽን የሚያስቀምጥ ቢሮ ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ እሑድ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ግን ባክአፕ ይያዝ። ሬይድ በስህተት የጠፋ ፋይል አይመልስም፤ ከሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ነው የሚያጠፋው።

ዲስክ ሲገዙ ኤስኤምአር የሚባለውን ዓይነት ይተዉ፤ ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ሲጻፍበት በጣም ይዘገያል። ያገለገለ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሠራ የዲስክ ጤንነት በሚያሳየው ትእዛዝ በስማርትሲቲኤል (smartctl) ሳያዩ አይክፈሉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ዩፒኤስም ያስፈልጋል። የአዳማ ሙቀት ላይ ዲስክ ለሰዓታት ሲሠራ ስለሚግል ማራገቢያ ወደ ኬዙ ያዙሩ፤ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይቆይ።

1. የሁለቱንም አሮጌ ዲስኮች ሴሪያል ቁጥር በወረቀት ጽፈው ለጥፉባቸው። ሊኑክስ ለዲስኮቹ የሚሰጣቸው ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ ሰው ጤነኛውን ዲስክ የሚነቅለው እዚህ ላይ ነው።

2. በስማርትሲቲኤል ሙሉ ፍተሻ ያስኬዱ። ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚለው ቁጥር (ለማንበብ ያስቸገሩ ቦታዎች ብዛት) ከዜሮ የበለጠበት ዲስክ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። አንዱ ከወጣ በኋላ የቀረው ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ ለዓመታት ያልተነካ የተበላሸ ቦታ ያን ጊዜ ነው የሚገለጠው። ትርፍ የሳታ መሰኪያ ካለ ደግሞ ምንም ሳይነቅሉ አዲሱን ሦስተኛ አባል አድርጎ ማስገባት ከሁሉም ይሻላል።

3. ሬይዱን በሚያስተዳድረው ትእዛዝ በኤምዲአድም (mdadm) አንዱን ፌይል (ተበላሽቷል ብሎ መመዝገብ)፣ ከዚያ ሪሙቭ (ከሬይዱ ማውጣት) ያድርጉ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ይቀይሩ። አዲሱን ጂፒቲ በሚባለው የክፍፍል ሠንጠረዥ ወደ ፓርቲሽኖች ይከፋፍሉ፣ ደረጃ 4 ላይ ያለውን የማስነሻ ፓርቲሽን ጨምሮ፤ የድሮው ሠንጠረዥ ኤምቢአር ከ2 ቴራ ብዙም አያልፍም። የመጨረሻውን ፓርቲሽን ከአሁኑ እስከ ዲስኩ ጫፍ ይዘርጉት። ቀጥሎ በኤምዲአድም አድ ብለው ወደ ሬይዱ ያስገቡት። በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ከሄደ 1 ቴራ ለማመሳሰል 2 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

4. ቡት (የኮምፒውተሩ መነሳት)። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሬይድ የሚያመሳስለው በውስጡ ያሉትን ፓርቲሽኖች ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ክፍል ከሱ ውጭ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱም ዲስኮች ተቀይረው፣ ዳታው ሙሉ ሆኖ፣ ማሽኑ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሮጌ ባዮስ ያለው ማሽን ከሆነ ጂፒቲው ላይ 1 ሜጋባይት የባዮስ ቡት ፓርቲሽን ይፍጠሩና ሊኑክስን የሚያስነሳውን ፕሮግራም ግራብን በአዲሱ ዲስክ ላይ ይጫኑ። ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው አዲሱ ዓይነት) ከሆነ የኢኤፍአይ ማስነሻ ፓርቲሽኑን በተመሳሳይ መጠን ሠርተው ዲዲ (dd) በሚባለው የመገልበጫ ትእዛዝ ከአሮጌው ይገልብጡት። አዲስ ፎርማት ካደረጉት ዩዩአይዲው (የፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር) ይለወጣል፤ ሲነሳ የሚከፈቱትን ፓርቲሽኖች የሚዘረዝረው ፋይል ኤፍኤስታብ (fstab) ግን የሚፈልገው የድሮውን ስለሆነ ሲስተሙ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ይወድቃል። በኢኤፍአይቡትኤምጂአርም (efibootmgr) አዲሱን ዲስክ በማስነሻ ዝርዝሩ ውስጥ ያስመዝግቡ።

አሁን ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሁለተኛውን አሮጌ ዲስክ ይንቀሉና በአዲሱ ብቻ ያስነሱ። ካልተነሳ አጥፍተው አሮጌውን ይመልሱና ቡቱን ያስተካክሉ። ከተነሳ ሁለተኛውን አዲስ ዲስክ ከደረጃ 3 መከፋፈል ጀምሮ በተመሳሳይ መንገድ ያስገቡ፤ ግራቡንም በሁለቱም ላይ። የወጣውን አሮጌ ዲስክ ግን በዚሁ ማሽን ላይ ከአዲሱ ጋር አብሮ አይሰኩት፤ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሁለት ቅጂዎች ይደባለቃሉ።

5. ሁለቱም ከተመሳሰሉ በኋላ ቢትማፑን (ያልተመሳሰሉ ቦታዎችን የሚመዘግበውን) አንስተው በኤምዲአድም ግሮው የሬይዱን ሳይዝ ማክስ (እስከ ዲስኩ ጫፍ) ያድርጉ፤ ቢትማፑን ይመልሱ። የተጨመረው 3 ቴራ ሲመሳሰል በዚያው ፍጥነት 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ኮምፒውተሩን እየተጠቀሙበት ይቀጥላል። ከዚያ የፋይል ሲስተሙ ኢኤክስቲ4 ከሆነ በሪሳይዝ2ኤፍኤስ (resize2fs) ያስፉት። በሬይዱ ላይ ኤልቪኤም (ቦታን በሎጂካል ክፍሎች የሚያከፋፍል አሠራር) ካለ ፒቪሪሳይዝ (pvresize) እና ኤልቪኤክስቴንድ (lvextend) ይቀድማሉ።

አሮጌዎቹን ዲስኮች ቢያንስ ለአንድ ወር ሳያጠፉ መሳቢያ ውስጥ ያቆዩ።