ኡሎንግ ሻይ ሲመር፣ ውሃ ውሃ ሲልና መዓዛው ሲጠፋ

ኡሎንግ በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መካከል ያለ የቻይና ሻይ ነው። ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ ይጠወልጋል፣ ይናጣል። ጠርዙ መቅላት ሲጀምር በሙቀት እንዲቆም ይደረጋል። አንዳንዱ ለዘብ እንዳለ ይቀራል፤ አንዳንዱ በከሰል ሙቀት በደንብ ይታመሳል። ስለዚህ አንዱን የሚያሳምር አፈላል ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል።

መረረኝ፣ አፌን ኮመተረኝ

ከሁሉ የሚበዛው ስሞታ ይሄ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ መቆየቱ ነው። እኛ ቅጠሉን ከውሃው ጋር ማፍላት ለምደናል። ኡሎንግ ግን አይፈላም። ፍል ውሃ ይፈስበትና ቶሎ ከቅጠሉ ይለያል።

ጎንግፉ በሚባለው የቻይኖች አፈላል ዕቃው ትንሽ፣ ቅጠሉ ብዙ፣ ጊዜው አጭር ነው። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 7 ግራም ቅጠል አድርጉ። የመጀመሪያው ዙር ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ከዚያ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ጥሩ ቅጠል ስድስት ሰባት ጊዜ ይቀዳል። ከቡናችን የሚለየው፣ እዚህ ብዙ ጊዜ የሚጣፍጠው አቦሉ ሳይሆን ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

በየዙሩ ሻዩን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፍጥፉት። ቅጠሉ ላይ የቀረ ውሃ የሚቀጥለውን ዙር ያመርረዋል። ይሄን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ዳንጾንግ የሚባለው የቻይናው የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ኡሎንግ ደግሞ ቁጡ ነው፤ በ5 ሰከንድ ጀምሩት።

ውሃ ውሃ አለኝ

“የፈላውን ውሃ ትንሽ አቀዝቅዙት” የሚለውን ምክር አዲስ አበባ ላይ እርሱት። ምክሩ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ለሚፈላበት አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያንን ካቀዘቀዛችሁት፣ ቀዝቃዛው ስኒ ደግሞ የራሱን ድርሻ ከወሰደ፣ ቅጠሉ ሳይፈታ ይቀራል። በተለይ ትዬጓንዪን የሚባለው የቻይናው የፉጂያን ክፍለ ሀገር ኡሎንግ እንደ ፍሬ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ሙቀት ይፈልጋል። ዕቃውን በፍል ውሃ አሙቁ፤ ውሃው እንደተንፈቀፈቀ አፍስሱ። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላላችሁ፣ በደንብ የታመሰው የፉጂያኑ የዉዪ ተራራ ኡሎንግ 100 ዲግሪውን ይችለዋል። ለዘብ ያለውን ግን ትንሽ አብርዱለት።

ማንኪያም ያታልላል። የተጠቀለለው ቅጠል ትንሽ መስሎ ይከብዳል፤ የዉዪው ዘርዘር ያለ ስለሆነ ብዙ መስሎ ይቀላል። ትንሽ ሚዛን ካላችሁ መዝኑ።

መዓዛው ጠፋ

ሻይ ቅጠል የአካባቢውን ሽታ ይስባል። ከበርበሬ፣ ከኮረሪማና ከቡና አርቁት። አየር በማያስገባ ቆርቆሮ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። አረንጓዴው ትዬጓንዪን በታሸገ ፓኬት ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፤ ነገር ግን ከፍሪጅ እንደወጣ አትክፈቱት፣ እርጥበት ይይዛል። የታመሰው ዓይነት እርጥበት ከነካው፣ የሽንኩርት ሽታ በሌለው ንጹሕ መጥበሻ፣ በጣም ለስላሳ እሳት ላይ ጥቂት ደቂቃ ብታሞቁት ነፍስ ይዘራል።

የቻይናዋ ዪሺንግ ከተማ ሸክላ በራድ ካላችሁ በሳሙና አትጠቡት፤ ለአንድ ዓይነት ሻይ ብቻ ይሁን። የቧንቧ ውሃችሁ ክሎሪን ክሎሪን የሚል ከሆነም የታሸገ ውሃ ሞክሩ።

ራሴን አዞረኝ

በባዶ ሆድ ጠጥታችሁ ይሆናል። ቂጣም ቢሆን ቅመሱበት። ካፌይን ስላለው ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሳል።

ጣቴን አቃጠለኝ

ጋይዋን የሚባለው ባለክዳን ስኒ እጀታ የለውም። የሚያቃጥለው እስከ አፉ ስለሚሞላ ነው። ውሃውን ከተገለበጠው ጠርዝ ዝቅ አድርጉ። ጠርዙን በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ያዙ፤ ክዳኑን በሌባ ጣት ጫን አድርጋችሁ ትንሽ ክፍተት ተዉለት፤ ከዚያ ሳታመነቱ በአንድ ጊዜ ቅዱ። ቀስ እያላችሁ ስትቀዱ ነው እንፋሎቱ ጣት ላይ የሚቆየው።