የ1928 ዓ.ም. ማስታወቂያ ለመድረክ፦ በእርሳስ ፊደል እንዴት እንደማትም

ለቴአትር አሮጌ የሚመስል ወረቀት የሚያትሙ ወጣቶች ናሙናቸውን ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማደርገው ገልብጬ ጀርባውን መዳሰስ ነው። ብዙውን ጊዜ ፊደሉ ወረቀቱን አጎድጉዶ አገኘዋለሁ። ጉድጓዱ «የድሮ» የሚያስመስለው ይመስላቸዋል። እኔም ስጀምር እንደዚያው አተምሁ፤ ፊደል መልቀም (የማተሚያ ፊደላትን አንድ በአንድ መደርደር) ያስተማሩኝ አዛውንት ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ልጄ፣ ፊደሉን ጨረስኸው እኮ!» አሉኝ። የማተሚያ ፊደል ከእርሳስ ማዕድን ስለሚሠራ ለስላሳ ነው፤ በኃይል ሲጫኑት ጫፉ ይደፈጠጣል። የዱሮ አታሚ ኩራቱ ቀለሙ ከወረቀቱ ፊት ላይ ብቻ ቀርቶ ጀርባው ልሙጥ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ከወረቀቱ ሥር ጨርቅ ወይም ስፖንጅ አታንጥፉ። ጠንካራና ቀጭን ወረቀት ሦስት አራት አድርጋችሁ አንጥፉ፤ ፊደሉ ሳይነበብ ከቀረ ብቻ አንድ ጨምሩ።

ቀጥሎ ጽሑፉ ነው። ትርኢቱ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ በቃላት መካከል ባዶ ቦታ አይተውም፤ ሁለት ነጥብ (፡) ይገባል። ዓመቱም ፲፱፻፳፰ ተብሎ ይጻፋል። ሠ እና ሰ፣ ሐ፣ ኀ እና ሀ በየቦታቸው ይግቡ፤ «ንጉሥ» በእሳቱ ሰ ተጽፎ ሲለጠፍ ከፊት ወንበር ያለ አንባቢ ወዲያው ያየዋል። ሁለት ነጥቡ ራሱን የቻለ የእርሳስ ቁራጭ ስለሆነ መቶ ሃምሳ ቃል ያለው ማስታወቂያ መቶ ሃምሳ ያህሉን ይፈልጋል። ሣጥናችሁ ውስጥ ቆጥራችሁ ጽሑፉን በዚያ ልክ አሳጥሩ። የመስመሩ ጫፍ እኩል እንዲሆን የሚሞላው በየነጥቡ ግራና ቀኝ በሚገቡ ቀጫጭን ባዶ እርሳሶች ነው፤ ክፍተቱ ከመስመር መስመር መለያየቱ ትክክል ነውና አታስተካክሉት።

ከ231ዱ ፊደላት ሌላ ዲቃሎቹም ስላሉ አንዳንዱ ሊጎድላችሁ ይችላል። ያኔ ከኮምፒውተር የተሠራ ክሊሼ (ጽሑፉ የተቀረጸበት የማተሚያ ሰሌዳ) መጠቀም ይቻላል፤ ግን እዚህ ላይ ብዙዎች ይጋለጣሉ። ያረጀ እንዲመስል የተሠራ የኮምፒውተር ፊደል እያንዳንዱን «ለ» በአንድ ቦታ ይሰነጥቀዋል። በእጅ በተለቀመ ገጽ ላይ ግን የተሰበረ «ለ» አንድ ቁራጭ እርሳስ ነው፤ አንዴ ብቻ ይታያል። ሁለት ሦስት ያረጁ ፊደላትን በተለያየ ቦታ ጣል አድርጉ፤ ይበቃል።

ቀለሙን ለማደብዘዝ አታቅጥኑት። የኅትመት ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ በዕድሜ አይነጣም፤ የሚለወጠው ወረቀቱ ነው። በዕድሜ የሚደበዝዘው ሐምራዊው የማኅተም ቀለም ነው፤ ማኅተም ካለበት እሱን አደብዝዙ። ወረቀቱን ደግሞ የብር ኖት በሚመረመርበት መብራት ሥር አሳዩት። ሰማያዊ ሆኖ ካበራ ዘመናዊ ማንጫ አለበት፤ ያ ነጭነት በሻይም አይሸፈንም።

ካተማችሁ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን አድርቁ። ከዚያ ቀዝቃዛ ቀጭን ሻይ በስፖንጅ ከጠርዝ ወደ መሐል እያሳሳችሁ ቀቡ። ርካሽ ወረቀት አየርና ብርሃን በሚያገኘው ጠርዙ ቀድሞ ስለሚወይብ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል የቀላ ወረቀት ሻይ ውስጥ መነከሩን ይናገራል። በሁለት ሰሌዳ መካከል ከክብደት ሥር አድርቁት። እጥፋቱን ከመሥራታችሁ በፊት ማን እንደያዘው አስቡ፤ ግድግዳ ላይ የነበረ ማስታወቂያ አራቱም ጥጉ ይቀደዳል እንጂ አይታጠፍም፤ በኪስ የተያዘ ግን ለአራት ታጥፎ መገናኛው ይሳሳል።

በጀርባው ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል «ለመድረክ» ብዬ ሳላትም ከቤቴ አንድም ወረቀት አይወጣም። የርስት ደብዳቤ ወይም የብር ኖት እንዳስመስል ሲጠይቁኝም እምቢ እላለሁ፤ የእኛ ሥራ ከመድረክ ወርዶ ሰው ማታለል የለበትም።

ሲጨርሱ ፊደሉን በነጭ ጋዝ ማጠብና እያንዳንዱን ወደ ቤቱ መመለስ የዚያኑ ዕለት ሥራ ነው። እርሳስ ስለሆነ ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።