ድንኳን አይወድቅም፣ ይበራል፦ በንፋስ ወቅት የእድር ድንኳን ስንተክል የምንሳሳታቸው ነገሮች

በሰፈራችን እድር ድንኳን ከሚተክሉት አንዱ ነኝ። ጡሩንባ ሲነፋ ወይም የሰርግ ጥሪ ሲመጣ ብረቱን ተሸክመን የምንወጣው እኛ ነን። ብዙ ተክያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ በሮብኛል። አንደኛው ሰርግ ላይ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እንግዳው ገና ሳህን እንደያዘ ድንኳኑ ከነብረቱ ተነስቶ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ላይ ተቀመጠ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ወጡ ግን አቧራ በአቧራ ሆነ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሐሳባችን ሁሉ ድንኳኑ እንዳይወድቅ ነበር። ቋሚውን እናጠነክራለን፣ መገጣጠሚያውን እንመታለን። ንፋስ ግን ድንኳንን ገፍቶ ከመጣል ይልቅ ከሥሩ ገብቶ ሽቅብ ያነሳዋል። ከላይ በጣሪያው ላይ ሲያልፍም ይስበዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ወደ መሬት የሚጎትት ኃይል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ይህን ከመርሳት የመጡ ናቸው።

«ይቺማ ቀላል ንፋስ ናት» ማለት

የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሰው የማያምነው ይህንን ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ሳሳ ቢልም፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ አንድ ካሬ ሜትር ሸራን ከ2 ኪሎ ትንሽ በሚበልጥ ክብደት ይገፋል። 50 ሲደርስ ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። 8 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ቁመት ያለው አንድ ግድግዳ 16 ካሬ ሜትር ነው። አስሉት፤ 150 ኪሎ ገደማ አንድ ጎን ላይ ብቻ!

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሚበዛው ሰርግ ደግሞ ከበልግ ዝናብ ጋር ይጋጠማል። ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት ሰማዩ ይጠቁራል። ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ከደመናው ሥር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይበተናል። ያ ድንገተኛ ብርድ ፊታችሁን ሲነካው ያላችሁ ጊዜ የደቂቃዎች ነው።

የድንኳኑን አፍ ወደ ንፋሱ ማዞር

አብዛኛውን ጊዜ አፉን ወደ መንገዱ እናዞራለን፤ እንግዳ እንዲገባ። ንፋሱም እንደ እንግዳ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ሦስት ጎኑ ተዘግቶ በንፋሱ በኩል የተከፈተ ድንኳን እንደ ፊኛ ይነፋል። ከመትከላችሁ በፊት የምድጃውን ጭስ እዩ። ወዴት እንደሚሄድ ካወቃችሁ የድንኳኑን ጀርባ ንፋሱ ወደሚመጣበት አዙሩ። መንገዱ ካልፈቀደ ከንፋሱ በኩል ያለውን ዝጉና መግቢያውን በጎን አድርጉ። የሸራው የታች ጠርዝ መሬት ነክቶ መታሰር አለበት። በክፍተቱ የሚገባው ንፋስ ነው ሥራውን የሚጀምረው።

ካስማውን ቀጥ አድርጎ መምታት

ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ ገመዱ ሲጎትተው እንደ ጥርስ ይነቀላል። ጭንቅላቱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ይጋደም፣ ጫፉ ወደ ድንኳኑ ሥር ይግባ። ርቀቱም ወሳኝ ነው፦ ገመዱ የታሰረው 2 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ካስማው ከቋሚው 2 ሜትር ያህል ይራቅ። ከቋሚው ሥር ተለጥፎ የተመታ ካስማ ለጌጥ ነው። እኛ ከተቆረጠ ፌሮ ግማሽ ሜትር የሚሆን እንሠራለን። ዝናብ የጠጣ አፈር ላይ አንዱ ስለማይበቃ ሁለት አከታትለን እንመታለን። ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ወይም ፌስታል እሰሩበት፤ ማታ ሰው ይጠለፍበታል።

ኮብልስቶን ላይ «ከፖሉ ጋር እሰረው» ማለት

ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ኮብልስቶን ሆኗል፣ ካስማ አይገባም። ድንጋዩን ነቅሎ መምታት ደግሞ ከወረዳው ጋር ያጣላል፤ መንገዱም ይበላሻል። ታዲያ ምን እናደርጋለን? ያገኘነው ላይ እናስራለን። የመብራት ፖል ላይ ከሆነ፣ ብረት ቋሚና እርጥብ ገመድ ከሽቦ ሥር ማቆም ሞት መጥራት ነው። ቆርቆሮ አጥር ላይ ከሆነ አጥሩም አብሮ ይሄዳል (የኛን ጎረቤት ጠይቁ)። የቆመ መኪና ላይ ከሆነ ባለቤቱ ረስቶ የተነሳ ዕለት ድንኳኑን ይዞት ይሄዳል።

መፍትሔው ክብደት ነው። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልታችሁ አፉን ብታስሩት ደግሞ ከዚያ ይከብዳል፣ አይንከባለልምም። በየቋሚው ሁለት ሁለት አድርጉ፤ ማዕዘን ላይ ጨምሩ። ወገቡ ላይ አታንጠልጥሉት፤ ሲወዛወዝ ራሱ መዶሻ ይሆናል። መሬት ላይ አስቀምጡና ከቋሚው እግር ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ሴቶቹ ወጥ ቤት ውኃ ሲያልቅባቸው መጀመሪያ የሚያዩት የእናንተን ጀሪካን ነው። ደርሶብናል። ከዚያ ወዲህ አሸዋ ነው የምንጠቀመው።

ልጆች ቋሚውን ይዘው እንዲቆሙ ማድረግም አለ። አይሆንም። የሚነሳ ብረት ልጅን ይዞ ይነሳል።

ገመዱን አንዴ አስሮ መርሳት

ናይለን ገመድ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ የቃጫ ገመድ ደግሞ ያጥራል። ጠዋት የተወጠረው ማታ ሌላ ነው። በሸምቀቆ እሰሩትና በየጊዜው ዞራችሁ አጥብቁ። ሲባጎ ግን ለፌስታል እንጂ ለድንኳን አይሆንም።

ጣሪያው ላይ ውኃ ሲያቁር ዝም ማለት

አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውኃ 10 ኪሎ ይመዝናል። ሸራው ሲረግብ ሌላም ይጠራል። በመጥረጊያ እጀታ ከሥር ገፋ አድርጎ ማፍሰስ ነው፤ ከሥሩ የተቀመጡትን አስነስታችሁ ታዲያ።

«ሰው ፊት ድንኳን አይፈርስም» ማለት

ለቅሶ ላይ ይሄ ይከብዳል። ድንኳኑ እስከ ሠልስት ይቆማል፣ ማታም ሰው አያጣውም፤ ባለቤቶቹን ማን ደፍሮ ይናገራል? እኛ ዘንድ አሁን አንድ ሰው «ይውረድ» ካለ ይወርዳል፣ ዳኛውም ቢሆን አይከራከርም። ስናወርድ መጀመሪያ ንፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ያለውን ግድግዳ እንከፍታለን፤ የታፈነው አየር ይውጣ። ከዚያ ሌላው ግድግዳ፣ ከዚያ ጣሪያው። የማዕዘኑን ክብደት መጨረሻ ላይ ነው የምንፈታው።

ባለፈው ክረምት አንድ እናት አርፈው በሁለተኛው ቀን እንዲሁ አደረግን። ሸራውን አወረድን፣ ለቀስተኛው ሳሎንና በረንዳ ላይ ተጨናንቆ ተቀመጠ። ብረቱ ብቻውን ዝናብ ላይ ቆሞ ዋለ። ሲያባራ ሸራውን መልሰን ወጠርነው፣ ቡናውም እንደገና ተፈላ።