ቀኗ ሳይደርስ የወለደች ላም፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ባሕር ዳር ዙሪያ ከብት የሚያረባ ሰው «ላሜ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች» ሲል ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ መጀመሪያውኑ ቀኑ ተሳስቷል፣ ወይ ጥጃው በእርግጥ ቀድሟል ግን ነፍሱ አለች፣ ወይ ላሚቱ ጨንግፋለች። ሦስቱ የሚፈልጉት ሥራ ለየቅል ነው። ስለዚህ ሐኪም ለመጥራት ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ጥጃውን እዩት፣ ከዚያ ቀን ቁጠሩ።

ምልክት፦ በቀን ቆጠራው ሦስት ሳምንት ይቀራል፣ ጥጃው ግን ሙሉ ነው

የታችኛውን ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን ተመልከቱ። የፊት ጥርሶቹ ድዱን በስተው ከወጡ፣ ፀጉሩ ሙሉ ከሆነ፣ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለመቆም ከታገለና ጣት ሲገባለት አጥብቆ ከጠባ ቀኑን ጨርሶ ነው የመጣው። የተሳሳተው መዝገቡ ነው።

መንስኤው በአብዛኛው ኮርማ ነው። የጣና ውሃ ሲሸሽ ከብቱ ሁሉ በወል ግጦሽ ላይ ይቀላቀላል፤ ማን ማንን እንዳጠቃ የሚያይ የለም። ላሚቱ ካረገዘች በኋላም አልፎ አልፎ ኮርማ የፈለገች ልትመስል ትችላለች። ያኔ የሰው ሠራሽ ዘዴ አዳቃይ ባለሙያ ይጠራል፣ ይዳቀላል፣ የሚጻፈውም የኋለኛው ቀን ነው። ይህ ከቀን ስህተትም ያልፋል፦ የማዳቀያው ቱቦ የእርጉዝ ላም የማህፀን በር ካለፈ ሊያስጨነግፋት ይችላል። ተዳቅላ የምታውቅ ላም ዳግም ኮርማ ስትፈልግ ማህፀኗ በእጅ ሳይመረመር አታስዳቅሉ።

ቆጠራው ቀላል ነው። የዲቃላ ላም እርግዝና 280 ቀን አካባቢ ነው፤ የፎገራና የሌላው የአገር ላም ጥቂት ቀናት ይጨምራል። በእኛ አቆጣጠር 280 ቀን 9 ወር ከ10 ቀን ይሆናል፤ መስከረም 1 የተዳቀለች ሰኔ 11 ትጠበቃለች። መሃል ላይ ጳጉሜን ከገባ 9 ወር ከ5 ቀን ብላችሁ ያዙ፤ ጥር 10 የተዳቀለች ጥቅምት 15 ናት። የማዳቀያ ወረቀት ላይ ወሩ በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ትልቅ ጥፋት ይመጣል። «5» ብሎ የተጻፈውን አንዱ ጥር፣ ሌላው በፈረንጅ ቆጥሮ ግንቦት ብሎ ያነበዋል። የወሩን ስም በፊደል ያልጻፈ ባለሙያ ወረቀቱን እንዲያስተካክል አድርጉ።

ከ272 ቀን በኋላ የተወለደ የዲቃላ ጥጃ እንደ ደህና ይቆጠር። ከ260 እስከ 272 ያለው ያለጊዜው የመጣ ነው፤ ከተደከመለት ይተርፋል። ከ260 በፊት የሆነ ግን እንደ ጭንገፋ ይያዝ፤ በእርሻ ቤት እምብዛም አይተርፍም፣ ላሚቱም እንደ በሽተኛ ትታይ።

ምልክት፦ ጥጃው በሕይወት አለ፣ ግን ትንሽና ልፍስፍስ ነው

አብዛኛው ጥሪ ይህ ነው፤ ጥጃ በከንቱ የሚሞተውም እዚህ ነው። ፀጉሩ አጭርና ሐር የመሰለ፣ ጥርሱ በድድ የተሸፈነ፣ ሲቆም የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ረግቦ ወደ መሬት የሚሰምጥ፣ ክብደቱ 20 ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ያለጊዜው መወለዱ ብቻ አይደለም። ብርድ፣ የእንገር እጦትና በግድ መጋት ናቸው። ሦስቱም በባለቤቱ እጅ ያሉ ናቸው።

መጀመሪያ ትንፋሽ። ያልበሰለ ሳንባ ቶሎ አይከፈትም። የኋላ እግሩን ይዞ ማወዛወዝ ይቅር፤ የሚፈሰው አብዛኛው የሆድ ፈሳሽ ነው፣ አንጀቱም ወርዶ ሳንባውን ይጫናል። በደረቱ አስተኙት፣ የፊት እግሮቹ ከሥሩ ይታጠፉ፣ የኋላዎቹ ወደ ጎንና ወደ ፊት ይዘርጉ፤ ሁለቱም ሳንባ አየር የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። አፍንጫውን በጨርቅ ጥረጉ፣ በንጹሕ ሰንበሌጥ ውስጡን ኮርኩሩ፣ ጀርባውንና ጎኑን በጆንያ ጠንክራችሁ እሹ። ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላም ቁና ቁና የሚተነፍስ፣ በደቂቃ ከ60 በላይ የሆነ ወይም ሲያወጣ የሚያቃስት ጥጃ ሐኪም ሳያየው አይደር።

ቀጥሎ ሙቀት። በታኅሣሥና ጥር የባሕር ዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ የሐይቁ ዳር ነፋስ ደግሞ እርጥብ ጥጃ ላይ ክፉ ነው። የጥጃ ጤናማ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ነው። ቴርሞሜትር በፊንጢጣው አስገቡ፤ ከሌለ ጣታችሁን አፉ ውስጥ ክተቱ፣ ምላሱ ከቀዘቀዘ አደጋ ላይ ነው። እስኪደርቅ አድርቁት፣ ጥልቅ ጭድ ወይም የሩዝ ገለባ ላይ አስቀምጡት፤ ከፎገራ በኩል የሩዝ ገለባ እንደልብ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በብብቱና በሆዱ ሥር አድርጉ። እንደ በረዶ የቀዘቀዘውን በግማሽ በርሜል ውስጥ ለብ ባለ ውሃ (38 እስከ 40 ዲግሪ) አንገቱ ድረስ ንከሩት፣ ራሱን ያዙለት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አድርቁ። በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ! ጢሱ ጥጃውን ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀውንም ሰው ይገድላል። ጥጃው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር።

እትብቱን በቲንክቸር አዮዲን ንከሩት፤ መቀባት አይበቃም። ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አዮዲን አድርጋችሁ እትብቱን እስከ ሆዱ ድረስ አስገቡ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ድገሙት። አመድና እበት የሚያደርጉ አሉ፤ ይህ ለቲታነስና ለመገጣጠሚያ መግል በር መክፈት ነው።

አሁን እንገር። ጥጃ ሲወለድ ደሙ ውስጥ በሽታ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱም ያንን የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከ6 ሰዓት በኋላ አቅሙ እየቀነሰ በ24ኛው ሰዓት ይዘጋል። መጠኑ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው። 20 ኪሎ ለሆነ ጥጃ 2 ሊትር በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ይግባ፤ ደካማ ስለሆነ ግማሽ ግማሽ ሊትር እየከፈላችሁ፣ ከዚያ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሌላ 2 ሊትር። በጣም የቀዘቀዘ ጥጃ መጀመሪያ ይሙቅ፤ ካልሞቀ አንጀቱ አይሠራም። «እንገር ጥጃውን ያስቀምጠዋል» ብለው አፍስሰው የሚያጠቡ፣ ወይም እንገሩን ለሰው አፍልተው ጥጃውን በውሃ የሚያሳልፉ ቤቶች አሁንም አሉ። ጥጃውን የሚያስቀምጠው በቆሸሸ ዕቃ የገባ ተህዋስ ነው፤ ያንን የሚከላከልለት ደግሞ ራሱ እንገሩ ነው።

ቀኗ ያልደረሰች ላም ግቷ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ የወጣውም ቀጭን። ያኔ በዚያው ቀን ከወለደችና ደጋግማ ወልዳ ከምታውቅ ጤነኛ ላም የመጀመሪያውን እንገር ለምኑ። አምስትና ስድስት ላም ያለው ሰው ግን ጎረቤት መለመን የለበትም። ከደህና ላም የተረፈ እንገር በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ አንድ አንድ ሊትር ተደርጎ፣ ቀኑ ተጽፎበት ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ይቀመጥ፤ መብራት ካልጠፋና ካልቀለጠ ለወራት ይቆያል። ሲፈለግ 50 ዲግሪ ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ጠርሙሱን ዘፍዝፉ። እሳት ላይ አታውጡት። እንገር ሲፈላ እንደሚረጋ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል፤ ከረጋ ለገበታ ይሆናል፣ ለጥጃ ግን መከላከያው ጠፍቷል። ጥጃው የሚጠጣው በሰውነት ሙቀት፣ 38 እና 39 ዲግሪ ላይ ነው። እንገር ጨርሶ ካልተገኘ 600 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 300 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የበረደ ውሃ፣ አንድ እንቁላልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የጉሎ ዘይት ቀላቅላችሁ ከፋፍላችሁ ስጡት። ይህ ምግብ ነው እንጂ መከላከያ አይሆንም።

አሁን ወደ መጋቱ። የሚነገረው ታሪክ ሁሌም አንድ ነው፦ ጥጃው አልጠባ አለ፣ በቢራ ጠርሙስ ወይም በቀንድ ተጋተ፣ «ሁሉንም ጨረሰ» ተባለ፣ ማታ ትንሽ አሳለው፣ በሁለተኛው ቀን ቁና ቁና ተነፈሰ፣ በሦስተኛው ሞተ። ሆዱ ሲከፈት ወተቱ ሳንባው ውስጥ ነው። ያልደረሰ ጥጃ የመዋጥ አቅሙ ደካማ ነው፤ ራሱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ የፈሰሰበት ነገር መንገዱን ስቶ ይገባል። በጣት ፈትኑት። ከጠባ፣ በጡጦ፣ አንገቱ ከትከሻው ከፍ ሳይል ይጥባ። ካልጠባ በቱቦ ብቻ።

ቱቦው ለስላሳ፣ ጫፉ የተድበለበለ፣ ለጥጃ ተብሎ የተሠራ ይሁን። የውሃ መስመር ቆርጠው የሚያስገቡ ሰዎች ጉሮሮ ይቀዳሉ፤ እባካችሁ ተዉት። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ክርኑ ጀርባ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፣ በእንገር አርጥቡት፣ ምላሱ ላይ አሳልፋችሁ ሲውጥ ቀስ ብላችሁ ግፉ። በአንገቱ ግራ በኩል በእጃችሁ ዳብሱ፦ አንደኛው ጠንካራና ቀለበት ያለው የአየር ቧንቧ ነው፣ ሁለተኛው ቱቦው ያለበት ነው። ሁለቱ ካልተለዩ አታፍስሱ። ካሳለው ወይም በቱቦው ጫፍ ትንፋሽ ከተሰማ አውጡትና እንደገና ጀምሩ። ከረጢቱን ከፍ አድርጋችሁ በራሱ ክብደት ይውረድ፤ አትጫኑት። ስታወጡት ቱቦውን እጠፉት፣ የቀረው ጠብታ ጉሮሮው ላይ እንዳይፈስ። ይህን አይቶ የማያውቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አይሞክረው፤ ሐኪም አሳዩኝ በሉ።

ከዚያ በኋላ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ወተት በቀን ለአራት ወይም ለስድስት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡ። ጥጃውን የማትረፍ ትርፉ የጥጃው ብቻ አይደለም፤ የፎገራ ላም ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ በአብዛኛው ወተት አትለቅም፣ ጥጃ ሲሞት ወተቱም አብሮ ይሄዳል።

ምልክት፦ የእንግዴ ልጅ አልወረደም

ቀድማ የወለደች ላም ላይ ይህን ጠብቁ፤ ማህፀኗ ለመልቀቅ አልተዘጋጀም። በ12 ሰዓት ውስጥ መውረድ ነበረበት፣ 24 ሰዓት ካለፈ ቀርቷል ማለት ነው። አትጎትቱ። ድንጋይ አታንጠልጥሉበት። እጅ አስገብቶ የሚቦጭቅ «ባለሙያ» ከመጣ መልሱት፤ ማህፀኑን ያቆስላል፣ ላሚቱ ዳግም ላታረግዝ ትችላለች። የተንጠለጠለውን ቁርጭምጭሚቷ ደረጃ ላይ ቁረጡ፣ ኋላዋን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ለ10 ቀን ጠዋት ጠዋት ሙቀቷን ለኩ። በልታ የምትውልና ትኩሳት የሌላት ላም መጥፎ ሽታ ቢኖራትም በአብዛኛው ከ4 እስከ 10 ቀን ራሷ ትጥለዋለች። ከ39.5 በላይ ከሆነች ወይም መብላት ካቆመች በዚያው ቀን በሥጋ የሚወጋ ፀረ ተህዋስ ትፈልጋለች፤ መድኃኒቱንና የወተት መታገሻ ቀኑን ሐኪሙ ይወስን፣ እናንተም አክብሩት።

ምልክት፦ ጥጃው ሞቶ ወጣ፣ ወይም በአንድ ዓመት ሁለትና ከዚያ በላይ ላም ጨነገፈ

እርግዝናው ከ5ኛ ወር ያለፈ ከሆነ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ የከብት ውርጃ በሽታ (ብሩሴሎሲስ) ነው ብላችሁ ያዙት። ለሰው ይተላለፋል። በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጓንት ከሌለ እስከ ክርን የሚደርስ ድርብ ፌስታል ይሁን። ነፍሰ ጡር ሴትና ልጅ አይጠጉ። ውሻ አይብላው፣ ግቢው ሁሉ ይበከላል። ጥጃውንና የእንግዴ ልጁን ከ2 ሜትር ያላነሰ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ። ጣና ዳር ብዙ ቦታ አንድ ሜትር ሳይቆፈር ውሃ ይመጣል፤ ያኔ ከሐይቁና ከጉድጓድ ውሃ ርቃችሁ ከፍ ያለ መሬት ላይ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። የወደቀበትን መሬት በረኪና አንዱን በዘጠኝ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ። ላሚቱ ወተት እንድትለቅ የሞተውን ጥጃ ቆዳ በጭድ ሞልቶ አጠገቧ ማቆም በዚህ ሁኔታ ፈጽሞ አይደረግ፤ በሽታውን ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ከመቀበሩ በፊት ግን ሐኪም ይጠራ፤ ከጥጃው ሆድ፣ ከእንግዴ ልጁና ከላሚቱ ደም ናሙና ይወሰድ። በበረዶ ሆኖ ቶሎ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ይድረስ። ውጤቱ እስኪመጣ ላሚቱ ለብቻ ትታሰር፣ ወተት ሳይፈላ ማንም አይጠጣ። የነካ ሰው ከሳምንታት በኋላ እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዘው፣ ወባና ታይፎይድ ሲመረመር «የጨነገፈ ከብት ነክቻለሁ» ብሎ ይናገር። ካልተናገረ ማንም አይጠረጥርለትም።

ሌሎች መንስኤዎችም አሉ፦ ገንዲ (የደም ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ የቆላ ዝንብ በሌለበት የጣና ዳርም በተናካሽ ዝንብ ይተላለፋል)፣ የቆዳ ጉርብርብና አፍተግር የሚያመጡት ትኩሳት፣ ረግረግ ላይ የሚገኝ የጉበት ትል ያከሳት ላም፣ የሻገተ ፋጉሎ፣ መውደቅና በመኪና መጫን።

ምልክት፦ ደህና የነበረች ላም መርፌ ከተወጋች በሁለትና ሦስት ቀን ወለደች

መርፌው በአብዛኛው ዴክሳሜታዞን ነው። በእርግዝና መጨረሻ ይህ መድኃኒት ምጥ ያስነሳል፤ ሆን ብሎ ለማስወለድም ይሰጣል። ለእብጠት፣ ለእግር ሕመም፣ «ብርታት እንዲሆናት» እያሉ ሳይጠይቁ የሚወጉ ሰዎች አሉ፤ የእንግዴ ልጅ መቅረትም አብሮት ይመጣል። ለማዳቀያ ኮርማ እንድትፈልግ የሚሰጠው የፕሮስታግላንዲን መርፌም ያረገዘችን ላም ያስጨነግፋል። መርፌ ከመወጋቷ በፊት «ስንት ወሯ ነው?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ላማችሁን አይንካ። የመድኃኒቱን ስም ከብልቃጡ ላይ፣ የተወጋችበትንም ቀን ጽፋችሁ ያዙ፣ የሚቀጥለው ሐኪም ይፈልገዋል።

መንታ ከሆነ ሳምንት ያህል መቅደሙ የተለመደ ነው፤ ወንድና ሴት ሆነው ከመጡ ሴቷ ከአሥር ዘጠኝ እጅ መካን ስለምትሆን ለዘር አታሳድጓት።