ለተጠባባቂ አገልግሎት የወታደር መኪና ሲመደብልዎ

ለተጠባባቂነት ተጠርተው፣ የጭነት መኪና ሾፌርነትዎ ታውቆ ኡራል የተባለው ሩሲያ ሠራሽ የወታደር ጭነት መኪና ቢመደብልዎ፣ የመጀመሪያው ሥራ ርክክቡ ነው። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን)፣ ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውን፣ ጎማ ሥር የሚገቡትን ታኮዎችና ሸራውን በዓይንዎ አይተው ይቁጠሩ፤ የጎደለውን ከመፈረምዎ በፊት በቅጹ ላይ ያስጽፉ። እኔ በመጀመሪያው ምድቤ ቸኩዬ ፈርሜ ታኮ የሌለው መኪና ተረከብሁ፤ አንድ ሌሊት ዳገት ላይ ጎማ ሲፈነዳብን ሁለት ወታደሮች በጨለማ ድንጋይ እየዳበሱ ሲፈልጉ፣ እኔ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ማንሣት ሳልችል ቆየሁ።

ከደብረ ብርሃን የሚነሡ ከሆነ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ጊዜ፣ በፍሬኑ የአየር ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ውኃ ሌሊት እንዳይረጋ ማታውኑ ያፍስሱት፤ ጠዋትም የአየር መለኪያው በቂ ግፊት እስኪያሳይ ድረስ አይንቀሳቀሱ።

ከሁሉ የሚከብደው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠራው የጣርማበር ዋሻ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ፣ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ማርሹን መቀነስ ያለብዎት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ጭነቱ መኪናውን መግፋት ከጀመረ በኋላ ማርሽ ለመቀየር የሚሞክር ሾፌር ማርሹ አልገባ ብሎት ፎሌ ላይ ሊቀር ይችላልና። ያንኑ ዳገት ሽቅብ በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱት። ፍሬኑን ሳያቋርጡ ረግጠው አይያዙ፤ ጠበቅ አድርገው ይርገጡና ይልቀቁ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተተዎ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ከወረደ፣ አመቺ ቦታ ፈልገው ይቁሙ፣ ታኮ ያስገቡ፣ በራሱ እስኪቀዘቅዝም ይጠብቁ፤ የጋለ የፍሬን ታምቡር ላይ ውኃ ቢያፈሱበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ጋቢና ውስጥ ያለው አዛዥ ቢያስቸኩልዎ እንኳ፣ «ፍሬኑ ግሏል፣ መቆም አለብኝ» ብለው በአክብሮት፣ ግን ሳያመነቱ ይናገሩ። ከኋላ ካሶኒው (የጭነት ክፍሉ) ላይ የተቀመጡት ወታደሮች ፔዳሉ መውረዱን የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ከመነሣትዎ በፊትም ስፖንዳው (የካሶኒው መዝጊያ) መዘጋቱን ራስዎ ወርደው ያረጋግጡ።

ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ የፊተኛውን የኋላ መብራት ላለማጣት ተጠግተው አይንዱ። በአጀብ ሲጓዙ ደግሞ የኋለኛው መኪና ከመስታወትዎ ከጠፋ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ እርስዎ ሲቀንሱ የፊተኛውም ያያል፣ ሰልፉም አይበጠስም።

በክረምት ከአስፋልት ወጥተው ወደ ጥቁር አፈር ሲገቡ፣ የኡራሉን ጎማ ንፋስ ከጋቢና ሆነው መቀነስ ይችላሉ፤ ጎማው ተንጣሎ ጭቃውን ስለሚይዝ ሌላው መኪና የሚሰምጥበትን ያልፋል። ተመልሰው አስፋልት ሲደርሱ ግን የንፋስ መለኪያው ወደ ቦታው እስኪመለስ ቆመው ይሙሉ፤ በተንጣለለ ጎማ በፍጥነት መንዳት ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል።