የቤተሰብ ሸክላ፦ የቱን እናጫውት? የቱን እናስቀምጥ?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከየአልጋው ሥር ስንት ካርቶን ወጣ! አንዱ የአክስቴ ነበር። ሙሉ ሸክላ። እሷ «አጫውትልኝ» አለችኝ፤ ልጇ ደግሞ «እንዳትነኩት፣ ውድ ነው» አለ። እንዲህ አስታረቅኳቸው።

መጀመሪያ ሸክላውን ይለዩ። መሀሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። አምሃ ሬከርድስ የሚል ካገኙ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው አሳታሚ ነው፤ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከሩት ትንንሾቹ ናቸው። ከበድ ብሎ ቶሎ የሚሰበር፣ 78 ዙር የሚል ከሆነ ግን ሼላክ በሚባል ሙጫ የተሠራ ነው። የጥንቱ ድምፃዊ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር የተቀረጹት በዚህ ዓይነቱ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ያጽዱ። አቧራ ከመርፌው ሥር ከገባ ሸክላውን እንደ አሸዋ ይፈገፍገዋል። ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ በዲስቲልድ ውሃ ትንሽ ያርጥቡና መስመሩን ተከትለው በክብ ይጥረጉ፤ ወረቀቱን እንዳይነካ። ሼላክ ላይ አልኮል በፍጹም! ያሟሟዋል።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። መብራት ሥር ዘንበል አድርገው ይዩት። በጥልቅ የተጫረ ከሆነ ሰብሳቢ ብዙም አይከፍልበትም፤ እሱን ቆልፎ ማስቀመጥ ትርፉ ድካም ነው፣ እንደልብዎ ያጫውቱት። ንጹሕና ብርቅ የሆነውን ግን አንድ ጊዜ አጫውተው ወደ ኮምፒውተር ይቅዱት። ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ቅጂውን ነው። ለእኔ መሀል መንገዱ ይኸው ነው።

ለዚያች አንድ ጊዜ ታዲያ መርፌው ይታሰብበት። ደህና ማጫወቻ ሸክላውን የሚጫነው 2 ግራም አካባቢ ነው። ሻንጣ የሚመስሉት ርካሾቹ ከዚያ በላይ ስለሚጫኑ ብርቁን አይስጧቸው። 78ቱ ደግሞ ወፈር ያለ የራሱ መርፌ አለው። ያረጀ መርፌ ካለ ይቀየር፤ እዚህ ላይ መሰሰት አያዋጣም።

ሲያስቀምጡ እንደ መጽሐፍ ያቁሙት። እንደ እንጀራ ከደረደሩት ይጎብጣል። ፀሐይም አይወድም።

የአክስቴ ካርቶን አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ያ የተጫረው ሸክላ ብቻ የለበትም፤ ማጫወቻው ላይ ነው።